ኤሌክትሮኑ ኢነርጂ ካጣ በኋላም የዲፍራክሽን ኮንትራስቱ ለምን አይጠፋም?

ቀጭን ናሙና፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

በትራንስሚሽን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የአሉሚኒየም ክሪስታል እያየሁ ነው። ማሽኑ በ200 ኪሎ ቮልት ይሠራል፣ ኢነርጂ ፊልተርም አለው። መጀመሪያ ምንም ኢነርጂ ያላጡትን ኤሌክትሮኖች ብቻ አሳልፌ ምስል አነሳሁ። ቀጥሎ ፊልተሩን 15 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ አደረግኩት። ፕላዝሞን ቀስቅሰው የወጡት ብቻ እንዲያልፉ ማለት ነው። የጠበቅኩት ብዥ ያለ ግራጫ ነገር ነበር። ያገኘሁት ግን ያንኑ ምስል ነው። ዲስሎኬሽኑ (የአቶሞቹ ድርድር የተዛነፈበት መስመር) አለ፣ የውፍረት ፍሪንጁ (ውፍረቱ ሲለዋወጥ የሚፈራረቀው ብርሃንና ጥላ) አለ፣ ክሪስታሉ የታጠፈበት ጥቁር መስመርም አለ።

መማሪያዬ ደግሞ ኢንኢላስቲክ ብተና፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ ኢነርጂ የሚያጣበት ብተና፣ ኮሂረንት አይደለም (ጣልቃ ለመግባት የሚያስፈልገው የፌዝ ዝምድና የለውም) ብሎ ነው የሚጀምረው። ኮሂረንት ያልሆነ ነገር እንዴት የዲፍራክሽን ኮንትራስት፣ ማለትም ክሪስታሉ ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ በማንጸባረቁ የሚመጣ የብርሃንና ጥላ ልዩነት፣ ይሰጣል? ሌላም አለ። በስሌቱ ውስጥ ኢንኢላስቲክ ብተና የሚገባው በክሪስታሉ ፖቴንሻል ላይ ኢማጂነሪ ክፍል በመጨመር ነው። እንደተዋጠ ይቆጠራል። ኤሌክትሮኑ ግን የትም አልተዋጠም፣ ይኸው ምስሌ ላይ ቁጭ ብሏል። ታዲያ ምኑ ነው የተዋጠው?

ሞገደኛው፦

ምስልሽ ትክክል ነው እህቴ፣ ማሽኑን አትጠርጥሪ። ከቁጥሩ እንነሳ።

በ200 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሮኑ የሞገድ ርዝመት 2.51 ፒኮሜትር ነው። ከ200,000 ላይ 15 ኤሌክትሮን ቮልት ሲቀነስ የሞገድ ርዝመቱ በመቶኛ 0.005 እንኳ አይለወጥም። ለብራግ ሁኔታ (የአቶም ረድፎቹ ሞገዱን አጠናክረው ለሚያንጸባርቁበት ማዕዘን) ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ክሪስታሉ ከዚህ በኋላም ኤሌክትሮኑን የሚያየው ልክ እንደበፊቱ ነው።

ቀጥሎ ማዕዘኑ። እያንዳንዱ የኢነርጂ መጠን የራሱ መለኪያ ማዕዘን አለው። የጠፋውን ኢነርጂ ለኤሌክትሮኑ ሞመንተምና ፍጥነት ብዜት ስታካፍዪው ይገኛል። ላንቺ ፕላዝሞን 0.044 ሚሊራዲያን ገደማ ነው የሚመጣው። የአሉሚኒየም 111 ነጥብ (111 ከሚባሉት የአቶም ረድፎች የሚንጸባረቀው ጨረር) ከመሃሉ ጨረር የሚርቀው ደግሞ በ10.7 ሚሊራዲያን ነው። ከ200 እጥፍ በላይ ማለት ነው። እርግጥ ስርጭቱ የሎሬንዝ ቅርጽ ስላለው ጭራው ረጅም ነው፤ ሁሉም በዚያች ጠባብ ማዕዘን ውስጥ አይቀመጡም። ቢሆንም አብዛኞቹ ከብራግ ማዕዘኑ እጅግ በታች ናቸው።

ስለዚህ ኤሌክትሮኑ ትንሽ ኢነርጂ አጣ፣ አቅጣጫውን ግን የለወጠ እስከማይመስል ድረስ ጠበቀ። በክሪስታሉ ውስጥ የሚጓዘው በብሎክ ሞገድ፣ ማለትም የክሪስታሉን ተደጋጋሚ ቅርጽ በያዘ ሞገድ፣ ላይ ነው። ከመበተኑ በፊት በአንደኛው የብሎክ ሞገድ ላይ ከነበረ ከተበተነ በኋላም በዚያው ይቀጥላል። ሃዊ በ1963 ባወጣው ሥራ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ በትንሽ ማዕዘን የሚሆን ብተና ኤሌክትሮኑን ከአንዱ የብሎክ ሞገድ ወደ ሌላው አያዘልለውም። ኮንትራስቱም አብሮት ይሻገራል።

ዝም ብዬ አነባለሁ፦

ስሜ እንደሚለው ነኝ፣ ግን ዛሬ አልቻልኩም። ፕላዝሞን ሲባል እሰማለሁ። ኤሌክትሮኑ በትክክል ምን ነካ ነው የሚባለው? አንድ አቶም ነው?

ሞገደኛው፦

አይደለም፣ ነጥቡም እዚያ ላይ ነው። በአሉሚኒየም ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ሦስት ኤሌክትሮን ለጋራው ይለቃል። ፈጣን ኤሌክትሮን ሲያልፍ ይህን የጋራ ስብስብ ይገፋዋል። ስብስቡ ከአዎንታዊ አቶሞቹ ላይ ትንሽ ሸሸት ይልና ተመልሶ ይሳባል፣ አልፎ ይሄዳል፣ እንደገና ይሳባል። ይወዛወዛል። የውዝዋዜው ኢነርጂ በኳንተም ተከፋፍሎ ነው የሚወሰደው፣ አንዱ ድርሻ ፕላዝሞን ነው። ነፃ ኤሌክትሮን ብለህ ብታሰላው ለአሉሚኒየም 15.8 ኤሌክትሮን ቮልት ይወጣል። የሚለካው 15 ነው። ለእንዲህ ያለ ቀላል ስሌት ግሩም ነው።

በ1941 ሩተማን በቀጭን አሉሚኒየም ፎይል ውስጥ ያለፉ ኤሌክትሮኖች ኢነርጂ የሚያጡት በእኩል ደረጃ እንደሆነ ለካ፦ 15፣ 30፣ 45 እያለ። ቦምና ፓይንስ ትርጉሙን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሰጡት። ሪቺ ደግሞ በ1957 በገጽ ላይ ብቻ የሚኖር ዝቅ ያለ ውዝዋዜ መኖር እንዳለበት አሰላ። ኢነርጂው የመጀመሪያው ለ2 ካሬ ሥር ሲካፈል ነው፣ ለአሉሚኒየም 10.6 ገደማ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓውልና ስዋን በሙከራ አገኙት።

ጋሽ ክሪስታል፦

ልጄ ቀጭን ናሙና፣ ሁለተኛውን ጥያቄሽን እኔ ልውሰደው።

ዮሺዮካ በ1957 ያደረገውን ተመልከቺ። ፈጣኑን ኤሌክትሮንና ክሪስታሉን አንድ ላይ አድርጎ በአንድ የሽሮዲንገር እኩልታ ጻፋቸው። ከዚያ ክሪስታሉ ሊሆን የሚችላቸውን ሁኔታዎች ለያያቸው። ምንም ያልተነካበት፣ አንድ ፕላዝሞን ያለበት፣ አንድ ፎኖን (የአቶሞቹ ንዝረት አንድ ድርሻ) የተጨመረበት፣ ከውስጠኛው ሼል ኤሌክትሮን የተነቀለበት፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለእያንዳንዱ ሁኔታ የራሱ የኤሌክትሮን ሞገድ አለው። ክሪስታሉ ያልተነካበት ሞገድ ኢላስቲኩ ነው። የቀሩት ሁሉ ኢንኢላስቲክ ናቸው። እኩልታዎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ይመግባል።

ይህን ሁሉ በአንዴ መፍታት አይታሰብም። ስለዚህ ኢላስቲኩን ብቻ የሚፈልግ ሰው ሌሎቹን ከእኩልታው ያስወጣቸዋል። ሲያስወጣቸው ግን አሻራቸው ይቀራል። ያ አሻራ ነው በኢላስቲኩ እኩልታ ላይ ኮምፕሌክስ ፖቴንሻል ሆኖ የሚታየው። ኢማጂነሪው ክፍል ከኢላስቲኩ ሞገድ የሚወጣውን ፍሰት ይቆጥራል። ገንዘብ ከአንድ ሂሳብ ወደ ሌላ ሲዛወር የመጀመሪያው ደብተር ወጪ ብሎ ይመዘግበዋል፣ የባንኩ ድምር ግን አልተነካም። አንቺ በ15 ኤሌክትሮን ቮልት ያየሽው ሁለተኛውን ደብተር ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ። ይህ ፖቴንሻል በጥብቅ ሲታይ የአንድ ነጥብ ብቻ አይደለም። እዚህ ያለው ሞገድ እዚያ ባለው ሞገድ ላይ ይወሰናል። ፕሮግራሞቹ ለቅለት ሲሉ የአንድ ነጥብ ያደርጉታል። የድሮዎቹ ከዚያም አልፈው የእውነተኛው ፖቴንሻል አንድ አሥረኛ ነው ብለው ይገቡበት ነበር። ግምት ነው፣ ሕግ አይደለም። ዛሬም ይህን አንድ አሥረኛ ሳያስቡበት የሚጠቀሙ ሰዎች ያናድዱኛል።

ፎኖን፦

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። ግን ፕላዝሞኑንም ፎኖኑንም በአንድ ዓይን ካየናቸው ቀጭን ናሙና መልሷን አታገኝም።

ትክክለኛ የብራግ ሁኔታ ላይ ሁለት ዋና የብሎክ ሞገዶች አሉ። አንደኛው አቶሞቹ ላይ ይሰበሰባል። ሁለተኛው በአቶሞቹ ረድፎች መካከል ያልፋል። አሁን ማነው ከየትኛው የሚወስደው? ፕላዝሞን የብዙ አቶሞች የጋራ ውዝዋዜ ስለሆነ እስከ ናኖሜትሮች የተዘረጋ ነው። የአቶም ረድፎቹ ደግሞ ከናኖሜትር ሩብ በታች ነው የሚራራቁት። ፕላዝሞኑ ሁለቱን ሞገዶች አይለያቸውም፣ ከሁለቱም እኩል ይወስዳል። በኢማጂነሪው ፖቴንሻል ውስጥ የሚጨምረው አማካዩን ብቻ ነው፣ ወጥ ማደብዘዝ።

ፎኖን ሌላ ነው። ኤሌክትሮኑን በትልቅ ማዕዘን የሚበትነው የሚንቀጠቀጠው አቶም ራሱ ነው፣ ያውም ከእምብርቱ አጠገብ። ስለዚህ አቶም ላይ የተሰበሰበው ሞገድ ቶሎ ይመናመናል። በመካከል የሚያልፈው ርቆ ይሄዳል። ወፍራም ናሙና ላይ የታጠፈው መስመር አንድ ጎን ከሌላው ደምቆ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ቦርማን በኤክስሬይ ተመሳሳዩን በ1941 አይቶታል። በኤሌክትሮን ሃሺሞቶ፣ ሃዊና ዌላን በ1962 ሠሩት። ሆልና ኸርሽ በ1965 ሲያሰሉት ዋናው ድርሻ የፎኖን ሆኖ ወጣ። ሙቀት ሲጨምር ውጤቱም ይጨምራል፣ አቶሙ ይበልጥ ይንቀጠቀጣላ።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ልጨምር። የፎኖን ኢነርጂ በአብዛኛው በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የተለመደ ፊልተር ያንን አይለይም።

ቀጭን ናሙና፦

ቆይ ቆይ። ታዲያ ኢነርጂ ያላጡ ብዬ ያነሳሁት ምስል ውስጥ ፎኖን የበተናቸውም አሉ ማለት ነው?

ፎኖን፦

አዎ። ከእነሱ የሚያድንሽ ፊልተሩ ሳይሆን አፐርቸርሽ (ጨረሩን የሚያሳልፈው ቀዳዳ) ነው። በትልቅ ማዕዘን ስለሚበተኑ ትንሽ አፐርቸር አብዛኞቹን ያስቀራቸዋል። የቀሩት አብረው ይገባሉ።

ስሌቱ ላይ ግን ደስ የሚል ነገር አለ። በ200 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሮኑ በብርሃን ፍጥነት 70 በመቶ ገደማ ይሮጣል። 100 ናኖሜትር ውፍረት ለማለፍ ግማሽ ፌምቶ ሰከንድ ይበቃዋል። የአቶም አንድ ንዝረት ግን በመቶ ፌምቶ ሰከንዶች አካባቢ ነው የሚወስደው። ለኤሌክትሮኑ አቶሞቹ ቆመዋል፣ ብቻ ከቦታቸው ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ ብለው። ሎን፣ ሹና ሲልኮክስ በ1991 በዚህ ሐሳብ ተጠቀሙ። አቶሞቹን በዘፈቀደ ፈቀቅ አድርገህ ታሰላለህ፣ እንደገና ፈቀቅ ታደርጋቸዋለህ፣ በመጨረሻ የኢንቴንሲቲዎቹን አማካይ ትወስዳለህ። በስሌቱ ውስጥ አንድም የኢነርጂ ልውውጥ የለም። ውጤቱ ግን ከሙከራ ጋር ይገጥማል።

ዜሮ ኪሳራ፦

እሱ እኮ ነው እኔን የማይዋጥልኝ። ኢነርጂ ሳትለውጥ ኢንኢላስቲክ ብተና አሰላሁ ማለት ምን ማለት ነው? ኢላስቲክ ነው ያሰላችሁት። ተሳክቶላችሁ ሊሆን ይችላል፣ ግን ፊዚክሱ ሌላ ነው።

ፎኖን፦

ፎርብስና ባልደረቦቹ በ2010 የመለሱት ይህንኑ ጥያቄ ነው። የክሪስታሉን የመጨረሻ ሁኔታዎች በሙሉ ከደመርካቸው፣ ማለትም የትኛው ፎኖን እንደተፈጠረ ካልለየህ፣ ድምሩ በአቶሞቹ ቦታ ላይ ከሚወሰደው አማካይ ጋር እኩል ይሆናል። ያው ቁጥር፣ ሌላ ትርጉም። የፎኖኑን ኢነርጂ ለይተህ ማወቅ ከፈለግክ ግን የቆሙት አቶሞች አይበቁህም። ያኔ ተቃውሞህ ልክ ይሆናል።

ዜሮ ኪሳራ፦

እሺ፣ ይሁን። ኮሂረንስ ላይ ግን አልለቅም። ክሪስታሉ ውስጥ ፕላዝሞን ከተፈጠረ ክሪስታሉ ምልክት ይዟል። ምልክት ካለ ጣልቃ መግባት የለም። ኢንኢላስቲክ ማለት ኮሂረንት አይደለም ማለት ነው፣ አለቀ።

ሞገደኛው፦

አላለቀም ወንድሜ። ሁለት ጥያቄዎችን አንድ አደረግካቸው።

አንደኛው ጥያቄ፦ ፕላዝሞን የፈጠረው ሞገድ ፕላዝሞን ካልፈጠረው ጋር ጣልቃ ይገባል? አይገባም። ያልከው ምልክት ይለያቸዋል። እዚህ ላይ አንተ ልክ ነህ።

ሁለተኛው፦ ክሪስታሉ በአንድ የታወቀ የመጨረሻ ሁኔታ ላይ ሲቀር ከሱ ጋር ያለው የኤሌክትሮን ሞገድ ከራሱ ጋር ጣልቃ ይገባል? በደንብ አድርጎ። ያ ሞገድ ሙሉ ፌዝ ያለው ሞገድ ነው። በብራግ ይንጸባረቃል፣ ወደ ብሎክ ሞገዶች ይከፋፈላል፣ ፍሪንጅ ይሠራል። የቀጭን ናሙና ምስል ማለት ይህ ነው። ምስሉ የብዙ እንዲህ ያሉ ሞገዶች ኢንቴንሲቲ ድምር ነው፣ እያንዳንዱ ግን ለብቻው ኮሂረንት ነው። ሁሉም ተመሳሳይ ኮንትራስት ስላላቸው ድምሩ አይደበዝዝም።

ከዚህም የበለጠ አለ። የተነቀለው የውስጥ ሼል ኤሌክትሮን ከሆነ ሂደቱ አንድ አቶም ላይ ይሆናል። የሚመጣው ኤሌክትሮን ደግሞ በክሪስታሉ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም፣ ብራግ ከፋፍሎታል። ስለዚህ በሁለት የተለያዩ የሞመንተም ልውውጦች አንድ ዓይነት የመጨረሻ ሁኔታ ላይ መድረስ ይቻላል። ሁለቱ መንገዶች ጣልቃ ይገባሉ። ኮልና ሮዝ በ1985 ይህን ጣልቃ ገብነት የሚሸከመውን ፈንክሽን ወደ ምስል አፈጣጠር ንድፈ ሐሳብ አስገቡት። አንዱን የሞመንተም ልውውጥ ብቻ የሚያውቀው ተራው ፎርሙላ ያንን ክፍል ይጥለዋል።

በወረቀት ብቻ የቀረ ነገር እንዳይመስልህ። ሻትሽናይደርና ባልደረቦቹ በ2006 በብረት ላይ ተጠቀሙበት። ክሪስታሉን አዘንብለው ሁለቱ የሞመንተም ልውውጦች በፌዝ ሩብ ዑደት እንዲለያዩ አደረጉ። ከዚያ ስፔክትረሙን በሁለት ተቃራኒ ቦታዎች ለኩ። በብረቱ 708 ኤሌክትሮን ቮልት ጠርዝ (የውስጥ ሼል ኤሌክትሮኑ መነቀል በሚጀምርበት ኢነርጂ) አካባቢ ልዩነት አገኙ። ልዩነቱ የመጣው ከብረቱ ማግኔትነት ነው። በክብ ፖላራይዝድ ኤክስሬይ የሚለካውን በኤሌክትሮን ለኩት። ኢንኢላስቲክ ኤሌክትሮን ኮሂረንስ ባይኖረው ይህ ልዩነት ዜሮ ይሆን ነበር።

ዜሮ ኪሳራ፦

ይህ የመጨረሻው አንቀጽ አሳመነኝ ልበል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ያልኩት ግን ይቆይ።

ዝም ብዬ አነባለሁ፦

በዚህ ሁሉ መሃል የኪኩቺ መስመሮች የት ይገባሉ? ወፍራም ናሙና ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚታዩት፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ።

ጋሽ ክሪስታል፦

ኪኩቺ በ1928 በሚካ ላይ ያያቸው ናቸው። የተለመደው ማብራሪያ እንዲህ ይላል። ኢንኢላስቲክ ብተና ኤሌክትሮኖችን በክሪስታሉ ውስጥ በየአቅጣጫው ይረጫል፣ ወደፊት ግን በብዛት። ከነዚህ መካከል ለአንድ የአቶም ረድፍ የብራግ ማዕዘን ላይ ያረፉት እንደገና ይንጸባረቃሉ። ከመሃሉ አጠገብ ብዙ ኤሌክትሮን ስለነበረ ከዚያ የሚወሰደው ይበዛል፣ ጥቁር መስመር ይቀራል። የተወሰደው ራቅ ባለው ቦታ ላይ ነጭ መስመር ይሠራል።

ይህ ማብራሪያ ለመማሪያ ጥሩ ነው። ግን የአቶም ረድፉ ከጨረሩ ጋር ትይዩ ሲሆን ይከሽፋል። ያኔ ከሁለቱም ጎን የሚወሰደው እኩል ስለሆነ ምንም መታየት የለበትም። በእውነት ግን ደማቅ ቀበቶ ይታያል። ካይኑማ በ1955 የፈታው ይህን ነው። የተበተነው ኤሌክትሮን ከአቶሙ ሲወጣ ራሱ በብሎክ ሞገድ ላይ ነው የሚወጣው። መነሻው አቶም ላይ ስለሆነ አቶም ላይ የሚሰበሰበው ሞገድ ይበልጥ ይመገባል። ቀበቶው ከዚያ ይመጣል። ሞገደኛው ከላይ ያለው ነገር እዚህም ይሠራል፦ ኢነርጂ ካጡም በኋላ ይዲፍራክታሉ።

ቀጭን ናሙና፦

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ልጨምር። የናሙናዬን ውፍረት ከዚሁ ስፔክትረም ማውጣት ይቻላል ይባላል። ምን ያህል ልመነው?

ዜሮ ኪሳራ፦

ይህ የኔ ሰፈር ነው። የአንድ ፕላዝሞን መፈጠር ሌላው መፈጠሩን አይከለክልም፣ ስለዚህ የክስተቶቹ ብዛት የፖይሶን ስርጭት ይከተላል። ኢነርጂ ያላጡት ድርሻ በኤክስፖነንሻል ይቀንሳል። ከስፔክትረሙ መስመር በታች ያለውን ሙሉ ስፋት ኢነርጂ ካላጡት ጫፍ በታች ባለው ስፋት አካፍዪ፣ የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙን ውሰጂ። የሚወጣው ውፍረቱ ለአማካይ ነፃ መንገዱ (ኤሌክትሮኑ በሁለት ኢንኢላስቲክ ብተናዎች መካከል በአማካይ ለሚሄደው ርቀት) ሲካፈል ነው። ለምሳሌ ኢነርጂ ያላጡት 60 በመቶ ከሆኑ 0.51 ይሆናል። አማካይ ነፃ መንገዱ 100 ናኖሜትር ከሆነ ናሙናሽ 51 ናኖሜትር ነው።

ጥርጣሬው የሚመጣው ከአማካይ ነፃ መንገዱ ነው። እሱ በቮልቴጁም በምትሰበስቢበት ማዕዘንም ይለዋወጣል። ከአንድ ጽሑፍ ላይ ያገኘሽውን ቁጥር ዝም ብለሽ አትገልብጪ። ሌላው፣ በጠንካራ የብራግ ሁኔታ ላይ አትለኪ። ጨረሩ ወደ ሌላ ነጥብ ሲሄድና አፐርቸርሽ ሲቆርጠው ምጥጥኑ ሊዛባ ይችላል። ክሪስታሉን ትንሽ አዘንብዪው።

ናሙናው ወፍራም ከሆነ ደግሞ 15፣ 30፣ 45 እያሉ ጫፎቹ ይደራረባሉ። ከአንድ በላይ የተበተኑትን ማውጣት ትፈልጊ ይሆናል። ጆንሰንና ስፔንስ በ1974 ያመጡት የፎሪየር ሎግ ዘዴ ለዚህ ነው፣ ፖይሶኑን ወደኋላ ይፈታዋል።

ቀጭን ናሙና፦

አዘንብዬ እለካለሁ። የመጨረሻ፦ በስካኒንግ ዘዴ የኢነርጂ ካርታ ሠርቼ በፕላዝሞኑ ጫፍ ላይ የአቶም ረድፎች ቢታዩኝ፣ ፕላዝሞኑ አቶም ላይ ነው ማለት እችላለሁ?

ፎኖን፦

በጭራሽ። ካርታሽ ላይ የሚታየው ኢላስቲኩ ኮንትራስት ነው፣ በፕላዝሞኑ ኤሌክትሮን ላይ ተሳፍሮ የመጣ። መጀመሪያ ያነሳሽው ምስል ራሱ ነገር ነው። ካርታውን ኢነርጂ ባላጡት ካርታ አካፍለሽ ምን እንደሚቀር እዪ።

ለውስጥ ሼል ካርታዎችም ይህ ይሠራል፣ ባይብስም። የኦክስጅን 532 ኤሌክትሮን ቮልት ጠርዝ በአቶሙ ዙሪያ ጠበብ ይላል። ዝቅ ያሉ ጠርዞች ግን ሰፋ ይላሉ። በትንሽ ማዕዘን ከሰበሰብሽ ደግሞ አቶሙ መሃል ላይ ብርሃን ሳይሆን ጉድጓድ ሊታይ ይችላል። አቶም የለም ብለሽ እንዳትጽፊ። የመሰብሰቢያ ማዕዘኑን አስፊው፤ የወጡት ኤሌክትሮኖች የዲፍራክሽን ውጤት በአማካይ በአብዛኛው ይጠፋል፣ ካርታውም ወደ ቀላል ትርጉም ይጠጋል።

ሞገደኛው፦

እና ወደ ንዝረት ስፔክትረም ከሄድሽ ከ2014 ወዲህ ወደ 10 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት የሚጠጋ ልዩነት የሚለዩ ማሽኖች አሉ። እዚያ ግን እንደ ቦሮን ናይትራይድ ያሉ ፖላር ክሪስታሎች ተጠንቀቂ። ጨረሩ ከናሙናው ውጪ በአሥሮች ናኖሜትር ርቆ ቆሞ እንኳ ሲግናል ይሰጣል፣ መስኩ ሩቅ ይደርሳልና። የአቶም ዝርዝር ከፈለግሽ ዲቴክተሩን ከመሃሉ ጨረር ላይ አንሺው፣ ወደ ትልቅ ማዕዘን አውጪው።